የትንፋሽ ተቀባዮች

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። የቡና ገለባ ሽታ። ከነቀምት ብዙ በማትርቅ ከተማ፣ ለዓመታት ቡና ሲከማችበት ኖሮ በኋላ ሰው የተከማቸበት መጋዘን ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮው በአሮጌ ሚስማር ተበሳስቶ ስለነበር ፀሐይ በየቀዳዳው እየገባች ወለሉ ላይ ትናንሽ ክቦች ታስቀምጥ ነበር። ክቦቹ ጠዋት በአንደኛው ግድግዳ ይወርዱና ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ ወለሉን አቋርጠው፣ ማታ በሌላኛው ግድግዳ ወጥተው ይጠፋሉ። እኔ እነሱን እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ክቦቹ እግሬ ላይ ደርሰው አገኛቸዋለሁ። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ የማውቀው በዚያ ነበር።

የያዙኝ ከትምህርት ቤት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። የአገራችን አምስት ደቂቃ እንዴት ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቾኩን እንኳን ሳላስቀምጥ ተከትያቸው ወጣሁ። ስልክሽ ላይ ተገኘ የተባልኩትን ነገር እስከ ዛሬ አላሳዩኝም። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ነቀምት ነው፣ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ቋንቋ ነው። ሁለት አፍ ያለው ሰው በደህና ቀን ለሁሉም ወዳጅ ነው፤ በክፉ ቀን ደግሞ ሁሉም ይጠረጥረዋል። ይኸው ነው ታሪኬ፤ ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ የለኝም።

ልቤ በሽተኛ ናት። በልጅነቴ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ወደ ልቤ ወርዶ ክዳኗን አበላሸው፤ አሁን ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ በደንብ አይገጥምም። በየወሩ መርፌ እወጋለሁ፤ ውሃ የሚያስወጣ ክኒን እውጣለሁ። ያ ክኒን ሽንት ቤት ያመላልሳል፤ እዚያ ቤት ደግሞ ሽንት ቤት የሚያወጡን ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ስለዚህ ክኒኑን ከዋጥኩ ባልዲው ላይ ነው የምውለው፤ ካልዋጥኩ እግሬ ያብጣል፣ ትንፋሼ ያጥራል። አይ ምርጫ! ይሉኝታውን ትቼ ባልዲውን መረጥኩ። ሴቶቹ ባልዲው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ፊታቸውን አዙረው ስለ ጎመን ዋጋ ያወሩ ነበር፤ ስለ ጎመን ያን ያህል የሚወራ ነገር መኖሩን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ከአስር ብዙም አንበልጥም ነበር። ከሁሉም ግን ሦስቱ ሴቶች ናቸው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያሉት።

አንደኛዋ አሰልጣኟ ናት። ነቀምት ውስጥ ለሴቶች ቴኳንዶ ታስተምር ነበር። ቀጥ ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስታያት ማንንም የምትጥል ይመስልሻል፤ ግን ስኳር አለባት፣ የእግሯ ጣት ቆስሎ አልድን ብሎ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ጋደም ብዬ መተኛት እንደማልችል፣ ጋደም ካልኩ እንደምታፈን ስታይ ምንም ሳትጠይቀኝ መጥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጀርባ ለጀርባ ተደግፈን ተቀምጠን እናንቀላፋ ነበር። ትንፋሿ በጀርባዬ በኩል ይሰማኛል። ሕልም ሳይ የማየው ሕልም የእሷ ይሁን የእኔ አላውቅም ነበር፤ አንድ ጊዜ በሕልሜ እግሬን ሲጠዘጥዘኝ ብነቃ፣ እሷ ናት በእንቅልፏ የምታቃስተው።

ሁለተኛዋን አዴ እንላት ነበር። አዴ በእኛ አገር ለትልቅ ሴት የምንሰጠው ማዕረግ ነው፣ እትዬ እንደማለት። ከኑኑ ቁምባ ነው ያመጧት፤ ልጇን አጥተው በልጇ ፈንታ። ጉልበቷ ያበጠ፣ ስትነሳ ግድግዳ የምትይዝ፣ ድምጿ ግን የሃያ ዓመት ሴት ድምፅ ነው። እኔን ስትጠራኝ «ባርሲፍቱ» ትላለች፣ አስተማሪዋ ለማለት።

ሦስተኛዋ የኡኬዋ ሴት ናት። ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ ሱቅ ነበራት። ተጫዋች ነበረች፤ የዘበኞቹን አረማመድ የምታስመስል፣ ሁላችንንም የምታስቅ። ነበረች ነው የምለው።

አለቆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ግቢው የሚቀረው ለአንድ ተረኛና ለውጭው በር ዘበኛ ነበር። ተረኛው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ይዞራል። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ድሮ ቡና የሚመዘንባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ሚዛን ቤት ይሏታል። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ የኡኬዋን ሴት በመፋቂያው ጠቆማትና «ለጥያቄ» አላት። ጠያቂዎቹ ሁሉ ከሄዱ ቆይተዋል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን። ተነስታ ወጣች። ማንም ምንም አላለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሷት ሄደ። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ከማናችንም ጋር ሳትነጋገር ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኛም አልጠየቅናትም። በሩን ሲዘጋ ግን ተረኛው እኔን አየኝና እንደ ተራ ነገር «አስተማሪዋ፣ ነገ አንቺ ነሽ» ብሎኝ ሄደ።

ፈራሁ። ፍርሃቴን ለማሳመር ቃል አልፈልግም። ልቤ እንደተያዘች ዶሮ ትንፈራገጥ ጀመር፤ እዚያው ብትቆም ደስ ባለኝ ነበር። ሚዛን ቤት ከምገባ እዚሁ ልሙት አልኩ፣ ለአሰልጣኟ ጀርባ ነው ያልኩት። ጀርባዋም «ዝም በይና ተንፍሺ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የብርሃን ክቦቹ ግድግዳው ላይ ሲታዩ፣ አዴ ታለቅሳለች። ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው። አሰልጣኟ ጉልበቷ ያመማት መስሏት ልታሽላት ተጠጋች።

«ተይ ልጄ፣ ጉልበቴ አይደለም» አለች አዴ። «ትናንት መጮህ ነበረብኝ። ሲንቄዬ ቤት ቀርታለች ብዬ አፌን ዘጋሁ።»

ሲንቄ ምን እንደሆነች ለማያውቅ ሰው ልንገር። የኦሮሞ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዱላ ናት። መምቻ አይደለችም። ሴት ግፍ ሲደርስባት ያቺን ዱላ ይዛ ትወጣና «ኢያ» ብላ ትጮሃለች፤ ያንን ጩኸት የሰማች ሴት ሁሉ እጇ ላይ ያለውን ነገር እዚያው አስቀምጣ ትመጣለች። ገንፎ እያገነፋች ቢሆን ገንፎው ይረር። ተሰልፈው እየዘፈኑ ይቆማሉ፤ ግፉ ሳይካስ ወደ ቤት አይመለሱም። ያንን ሰልፍ ጥሶ የሚያልፍ ወንድ ውርደቱ ለልጅ ልጁ ይተርፋል ይባላል። እኔ ይህን በወሬ ነው የማውቀው። አዴ ግን በልጅነቷ እናቷ ያንን ጩኸት ተከትላ ስትወጣ አይታለች።

«ያለ ሲንቄ የሚጮህ የከብት ጩኸት ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት» አለች። «ሕግ ነው። ዱላዋ ከሌለች ሕጉ የለም ብዬ… ልጅቱን እያየኋት አስወሰድኳት።»

የኡኬዋ ሴት ወደ ግድግዳው እንደዞረች ናት። ትስማ አትስማ አላውቅም።

«እና ዛሬም ዱላ የለም» አለች አሰልጣኟ። «ይቺን ደግሞ ዝም ብለን እናስወስዳት?»

አዴ ወደ እኔ ዞረች። «እጅሽን አምጪ» አለችኝ። ሰጠኋት። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዴን አየችው። ከታሰርኩ ወዲህ ሥጋዬ አልቆ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አገላብጣ አየችው፣ ጣቷን ዙሪያውን አሳለፈችበት፣ ሳታስበው ሳቀች።

«ከዚህ የቀጠነ ሲንቄ የት ይገኛል?» አለች። «ይኸው ዱላችን።»

እኛም ሳቅን። እንዲህ ያለ ሳቅ እዚያ ቤት ስቀን አናውቅም። እኔ ግን ወዲያው ትንፋሽ አጠረኝና በሳቁ መሐል ተቆራረጥኩ።

ቀኑን እንዴት እንዳሳለፍነው እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንም አይሰማንም ብለን ተለማመድን፤ ሲያባራ ዝም አልን፤ ደግሞ መጣ። የክረምት ዝናብ ያን ቀን ለእኛ ዘበኛ ቆሞልን ነበር።

መጀመሪያ አሰልጣኟ ተነሳች። «ሳስተምር የኖርኩት ለጤነኛ ነው» አለች። «ምቺ፣ አምልጪ፣ ሩጪ ነው። አንቺ አትመቺም፣ አታመልጪም፣ አትሮጪም። ስለዚህ የበሽተኛ ቴኳንዶ እናውጣ።» አስባ አስባ ጠየቀችኝ፤ «ሬሳ ለምን እንደሚከብድ ታውቂያለሽ?»

«ሬሳ አይደለሁም ገና።»

«የሚከብደው ስለማይተባበር ነው። አንቺም እንዳትተባበሪ። ሲይዝሽ ቁጭ በይ።»

አስቀመጠችኝ። መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ለማንሳት የሚያስቸግር ነው፤ በተለይ አንገቱን ደፍቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ክብደቱን ወደ ዳሌው ከለቀቀ። ቢጎትተኝ እንዳልጎትት፣ ጉተታ ትንፋሽ እንደሚጨርስ ነገረችኝ። ፀጉሬን ቢይዝ እጁን ለማስለቀቅ ከምታገል በሁለት እጄ እጁን ራሴ ላይ ጫን እንድለው፤ ያኔ ፀጉሬ አይነቀልም። ለጤነኛ ሰው በጀርባ ተኝቶ በእግር መከላከል ታስተምር ነበር፤ እኔ በጀርባዬ ከተኛሁ ያለ ማንም እርዳታ ስለምሞት ያንን ሰረዘችው። እንደማስተምራቸው ልጆች ደጋግማ አስነሳችኝ፣ አስቀመጠችኝ። ሲደክመኝ ታቆማለች። «ድካምሽን ከአሁኑ አትጨርሺው፣ ለማታ ያስፈልግሻል» ትለኛለች። እሷ ራሷ በታመመው እግሯ ላይ እየቆመች ፊቷን ስታጨማድድ አያታለሁ።

ቀጥሎ አዴ ናት። ዘፈኑን ስትከፋፍል፣ ማን ያወጣል ማን ይቀበላል ስትል፣ አውጪዋ እኔ እንድሆን ወሰነች።

«አዴ፣ ደረጃ የማልወጣ ሴት ነኝ። ከየት የመጣ ትንፋሽ?» አልኳት።

«ለዚያ እኮ ነው» አለች። «አውጪ አንዲት ቃል ብላ ታርፋለች። ትንፋሽ የሚጨርሰው ተቀባይ ነው። ጤነኞቹ ይቀበሉ፣ በሽተኛዋ ታውጣ።»

ይህ ገባኝ። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ ሳልዘጋጅ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ግጥሙን ቁጭ ብዬ ልሥራና ልሸምድደው አልኩ። አዴ ከለከለችኝ። «የተሸመደደ ነገር ስትደነግጪ ይጠፋል። ያየሽውን በይ። የምታይው ነገር አይጠፋብሽም፣ ፊትሽ ነው ያለው።»

«ምንም ባይመጣልኝስ?»

«ከአፍሽ የወጣውን እንቀበላለን። ሳል ቢሆን ሳል።»

ከሰዓት በኋላ ቀላል እንቅልፍ ወሰደኝ። አንድ ወንዝ ዳር ቆሜ ወንዙ ስሜን እየጠራ ሲሄድ አየሁ፤ ግን ስነቃ የሚሰማኝ የወንዙ ሳይሆን ውጭ ያሉ ሴቶች ድምፅ ነው፣ የሚጠሩትም ስሜን አልነበረም። ከግቢው አጥር ውጭ የውሃ ቦኖ አለ። ከሰዓት በኋላ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ወሬያቸው፣ ጀሪካኑ እርስ በርስ ሲጋጭ፣ ሁሉም ይሰማናል። ያን ቀን አዴ ያንን ድምፅ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ ዋለች።

መጣ። መፋቂያው አፉ ውስጥ ነው። «አስተማሪዋ፣ ለጥያቄ።»

ተቀመጥኩ። ቀድሞም ተቀምጬ ስለነበር የበለጠ ተቀመጥኩ ማለት ነው።

«አልሰማሽም?» ብሎ ገብቶ ብብቴን ያዘ። አገጬን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሳበኝ። አልሳብኩትም። አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተትኩ፣ ከዚያ በኋላ አሰልጣኟ ከኋላ በእግሮቿና በክንዷ ጠፍንጋ ያዘችኝ፣ ሌላዋ እሷን ያዘች፣ ሌላዋ ሌላዋን። ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን። አዴ ብቻ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። የቀረውን ክንዴን አንስታ ወደ ቆርቆሮው ከፍ አደረገችው።

«ኢያ» አለች።

የጮኸችው ቀስ ብላ ነው የሚመስለኝ። ግን ቆርቆሮው ተቀበላት፤ መጋዘኑ ራሱ አፍ ያለው ሆነ። ሴቶቹ «ኢያ» አሉ። አዴ በኦሮምኛ፣ እናቴ ሆይ በቤትሽ ሰው ይደፈራል ወይ፣ የሚል ነገር ዘፈነችና አየችኝ። ተራው የእኔ ነው።

ምን አየሁ? ቡና የሌለበት መጋዘን አየሁ፣ የተከፈተ በር፣ በበሩ በኩል ያቺን ሚዛን ቤት። አፌን ከፈትኩ፤

«ሚዛን ቤት ባዶ ነው፣ ቡናው ተጭኖ ሄዷል፣
የታመመች ልቤን ማን በኪሎ ይወስዳል?»

«ኢያ» አሉ። አማርኛውን በኦሮምኛ ዜማ ገጥመው ተቀበሉኝ። ተረኛው ሊያስቆመኝ ይሁን ሊስቅ ግራ ገባው፤ ጸሎት መስሎት ይሆናል መጀመሪያ፣ በወለጋ እስር ቤት መዝሙር ብርቅ አይደለም። ከዚያ ፀጉሬን ያዘ። እጆቼን እጁ ላይ ጫንኩ። «እናትህም ሴት ናት፣ እህትህም…» አልኩ፣ ያን ቃል ግን አልጨረስኩትም። ትንፋሼ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የወጣው ቃል አይደለም። ከደረቴ ሥር የሚመጣ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ የሆነ፣ እየተቆራረጠ የሚሳብ ትንፋሽ ነው። አለቀልኝ አልኩ። ዓይኔ ላይ የብርሃን ክቦቹ መዋኘት ጀመሩ። ዘፈኑን አበላሸሁት ብዬ አፈርኩ፣ እየሞትኩ ያፈርኩት በዚያ ነው። ያኔ አሰልጣኟ ከጀርባዬ ያንኑ ትንፋሽ መለሰችው። ሁለት ወደ ውስጥ፣ አንድ ወደ ውጭ። ከእሷ ሌላዋ ተቀበለች። አዴም እላይ ቆማ እግሯን እየመታች ተቀበለች። ሁሉም የእኔን ትንፋሽ ይተነፍሱ ጀመር፤ እኔ ስቆራረጥ ይቆራረጣሉ፣ እኔ ስስብ ይስባሉ። ከግድግዳው ሥር አንድ ሌላ ትንፋሽ ተጨመረ፤ የኡኬዋ ሴት ሳትዞር፣ እንደተኛች፣ ትቀበላለች።

አንዲት በሽተኛ ስትታፈን መስማት ሌላ ነው። አንድ ቤት ሙሉ ሴት በአንዲት በሽተኛ ትንፋሽ ሲተነፍስ መስማት ግን ሌላ ነው፤ እኔ ራሴ ከመሐሉ ሆኜ ፀጉሬ ቆመ። ሰውዬው እጁን ለቀቀ። እጁን፣ እሳት እንደነካው ሰው፣ አየው።

ያኔ ነው ውጭ ያለው ድምፅ መጥፋቱን የሰማሁት። ቦኖው ላይ የነበረው ወሬ ቆሟል። ቀጥሎ ጀሪካን መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማን፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ድፍ ብሎ። ሌላ። ሌላ። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት «ኢያ» አለች። ወጣት ድምፅ ነው፤ በሕይወቷ ያንን ጩኸት ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም፣ ግን ምን ማለት እንዳለባት አወቀች። የግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ ሲጮህባቸው «ማል ታቴ?» እያሉ፣ ምን ሆነች እያሉ ሲጠይቁት ይሰማል። ተረኛው ወጣ። በሩን ዘጋው። እስኪመሽ ድረስ ሴቶቹ ከአጥሩ አልሄዱም።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው መጣ። ፀጉሩን የተላጨ፣ ለስለስ ያለ ሰው ነው፤ ከጩኸት ይልቅ ጥያቄ የሚወድ። ተረኛው ከኋላው ቆሟል። መፋቂያ የለውም።

«ትናንት የዘፈናችሁትን ነገር እኔም ልስማው» አለ። «ምን የሚል ነው? ቅስቀሳ ነው? ዝፈኑልኝ።»

አዴ ለመነሳት ግድግዳውን ያዘች። አሰልጣኟ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፣ አልፈለገችም። በራሷ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ኃላፊውን በልጅነቱ እንደምታውቀው አድርጋ አየችው።

«ልጄ፣ ይህ ዘፈን ሲታዘዝ አይወጣም» አለችው። «መስማት ከፈለግህ ያንን ሰው ማታ መልሰህ ላከው።»

ኃላፊው ወደ ኋላ ዞሮ ተረኛውን አየው። ረጅም ጊዜ ነው ያየው። ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በእኛ በር አልመጣም፤ የት እንዳደረሱት አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ቅጣታችን ግን አልቀረም፤ ለብዙ ቀን ሽንት ቤት ከለከሉን፤ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የጎመን ወሬ እንኳን አልበቃንም።

አዴን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። ከተፈታች በኋላ ቤቷ ሆና አረፈች። ለቅሶዋ ላይ ሴቶች ሲንቄዋን ከሬሳዋ አጠገብ አቁመዋት አየሁ፤ እውነትም ቀጭን ናት። አሰልጣኟ የእግሯን ጣቶች አጥታለች። አሁን ነቀምት፣ ግቢዋ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴቶችን ታሰለጥናለች፤ ነፍሰ ጡር፣ ወገቧን የሚያማት፣ አስም ያለባት። እኔን ሳይከሱኝ፣ ተሳስተናል ሳይሉኝ ነው የለቀቁኝ። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ስለ ልብ ክዳን ሳስተምር ልጆቹ ሰሌዳውን ያያሉ፤ እኔ አንዳንዴ ሳላስበው እጄን ደረቴ ላይ አገኘዋለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ያ መጋዘን ይናፍቀኛል ብል ሰው አበደች ይለኛል። ቤቱ አይደለም የሚናፍቀኝ። ትንፋሼ ሲያጥረኝ ሰዎች «አይዞሽ» ይሉኛል፣ ውሃ ያመጡልኛል፣ መስኮት ይከፍቱልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ያን ቀን ግን ማንም አይዞሽ አላለኝም።

በዚህ ዓመት ኡኬ ወረድኩ። ሱቋን እንደገና ከፍታለች። ከአስፋልቱ ወደ ሱቋ የሚወስደው ዳገት አጭር ነው፣ ለእኔ ግን አጭር የሚባል ዳገት የለም፤ ቆም እያልኩ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች «አከም» እያልኩ ሰላምታ ላይ እያረፍኩ ደረስኩ። ለስላሳ ከፈተችልኝ። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ልጆች። እንደ ድሮዋ ሰው አታስመስልም፤ ግን ትስቃለች፣ አንዳንዴ። ስለ ሚዛን ቤት አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ሳሙናዎቹን መደርደሪያው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ እያስተካከለች «ለእኔ ለምን አልጮኻችሁም?» አለችኝ።

በቁጣ አይደለም። የዕቃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ነው። ስንት ዓመት ይዛው እንደኖረች ግን ታወቀኝ።

«የአዴ ሲንቄ እዚያ ስላልነበረች» አልኳት። «እኛ ደግሞ አናውቅም ነበር። ዘፈኑን ያወቅነው በማግስቱ ነው።» ሌላ የምጨምርበት ነገር ፈለግሁ፣ አጣሁ። እውነቱ ያ ብቻ ነው፤ እኔ የዳንኩት ከእሷ አንድ ቀን በኋላ ስለተጠራሁ ነው።

የሳሙናውን መደርደሪያ ጨረሰች። የክብሪቱን ጀመረች። አንድ ደንበኛ መጥቶ ስኳር ገዝቶ ሄደ።

«አሁን ብጮህስ?» አለችኝ ቆይታ፣ አሁን ዞራ እያየችኝ። «ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

ዓይኗን ወደ ዳገቱ ላከች፣ መለሰችና ደረቴን አየችው። የከንፈሯ ጫፍ ላይ የድሮዋ ሴት ብቅ አለች።

«በዚህ ዳገት? በዚያ ልብሽ?»

«እያረፍኩ እመጣለሁ» አልኳት።